የመጨረሻው ስንኝ ሲቆረጥ፦ ኤሪክ ቦግል፣ ሁለት የጦርነት ዘፈኖቹና መልስ ያጣው ጥያቄ

ኤፕሪል 25፣ በጦርነት የሞቱት የሚታሰቡበት የአንዛክ ቀን፣ አውስትራሊያ ውስጥ የሚኖር ሰው ሳያየው የሚያልፈው ቀን አይደለም፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ሰው ኮቱን ደርቦ ወደ ሐውልቱ ይሄዳል፣ ደረቱ ላይ እኛ የጥብስ ቅጠል የምንላትን ሮዝመሪ ይሰካል፣ ጡሩምባ ይነፋል፣ ዝም ይባላል፣ ረፈድ ሲል ደግሞ ሰልፉ ይጀመራል። ሜልቦርን ላይ ትልልቆቹ ሱቆች እስከ ቀኑ 7 ሰዓት አይከፈቱም። ፉትስክሬይ አካባቢ የሚያድጉት የኛ ልጆች ሳይቀሩ ከትምህርት ቤት የወረቀት ፖፒ፣ ያቺን የሞቱ ወታደሮች ማስታወሻ የሆነች ቀይ አበባ፣ ሠርተው ይመጡና «ይሄ ቀን ምንድነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ወላጅ ደግሞ ያደገበት ታሪክ አይደለምና ምን ብሎ እንደሚመልስ ይቸግረዋል።

በዚህ ቀን ሬድዮ ላይም መጠጥ ቤት ውስጥም የሚሰማ አንድ ዘፈን አለ፣ «ኤንድ ዘ ባንድ ፕሌይድ ዎልትሲንግ ማቲልዳ» ይባላል። ብዙ ሰው የድሮ የወታደር ዘፈን ይመስለዋል፣ ከ1915 ጀምሮ ሲዘፈን የኖረ ነገር። አይደለም። የጻፈው ኤሪክ ቦግል የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው፣ አውስትራሊያ ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ሥራው አካውንታንት፣ ዘመኑም 1971 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጻፈውም ሰልፉን ለማድመቅ አይደለም፣ «ለምንድነው የምትሰለፉት?» ብሎ ለመጠየቅ ነው።

ስለዚህ ሰውዬ ልጽፍ የተነሳሁት ዘፈኖቹን ስለምወዳቸው ነው፣ እወዳቸዋለሁ፣ ግን ከዛ በላይ አሁን በየቦታው አዲስ ጦርነት እየተነሳ፣ የድሮ ጦርነት መታሰቢያም እያደር እየደመቀ ባለበት ጊዜ የቦግል ዘፈኖች ላይ የደረሰውን ነገር ማየት አለብን ብዬ ስለማስብ ነው። ዜማቸውን ሁሉም ወደደ፣ ሁሉም አለቀሰባቸው፣ ጥያቄያቸው ግን ከእጅ እጅ ሲዞር እየተንጠባጠበ ሄደ፣ አንዴማ ጭራሽ በመቀስ ተቆርጦ ወጣ።

ቦግል የተወለደው በ1944 ፒብልስ በምትባል ትንሽ የስኮትላንድ ከተማ ነው፣ ትዊድ ወንዝ ዳር ያለች የሱፍ ጨርቅ የሚሠራባት ከተማ። አባቱ ባግፓይፕ ይነፋ ነበር፣ ያ ከረጢቱን ብብታቸው ስር ይዘው የሚነፉት የስኮትላንዶች መሣሪያ፣ ይሄን ያዙልኝ በኋላ እመለስበታለሁ። ልጁ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቁሞ ያገኘውን ሥራ እየሠራ፣ ሮክ ባንድም ውስጥ እየዘፈነ ቆየና በ1969 ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ። ያኔ አውስትራሊያ ከብሪታንያ ሰው በብዛት የምታስመጣበት ዘመን ነበር፣ አንድ አዋቂ 10 ፓውንድ ብቻ ከፍሎ የሚሄድበት ፕሮግራም ነበራት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት በዚህ መንገድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተሻግሯል።

ትኬቱ ረከሰ ማለት ግን መለየቱ ቀለለ ማለት አይደለም። «ሊቪንግ ናንሲ» የሚል ዘፈን አለው፣ ባቡር ጣቢያ ላይ ሁለት ሰዎች ሲሰናበቱ፣ ባቡሩ ደርሶ፣ ሻንጣው ተነስቶ፣ የሚባለው ሁሉ ጉሮሮ ላይ ሲቀር። ብዙ አድማጭ ናንሲ ፍቅረኛው ትመስለዋለች፣ እናቱ ናት። እናቱን ጣቢያ ላይ አቅፎ «ቶሎ እመለሳለሁ» ብሎ የወጣ ሰው ይሄን ዘፈን አንዴ ከሰማ ሁለተኛ ለመስማት አቅም ማሰባሰብ አለበት፣ እኔ እንደዛ ነኝ።

እና ካንቤራ ገባ፣ ቢሮ ውስጥ ሂሳብ ይሠራል፣ ማታ ጊታሩን ይዞ ፎክ፣ ማለት የባህል ዘፈን፣ ክለብ ይሄዳል። በ1971 የአንዛክ ቀንን ሰልፍ አየ። አንዛክ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጦር አንድ ላይ የተጠራበት አጭር ስም ነው። ሽማግሌዎቹ ሜዳሊያቸውን ደርድረው ያልፋሉ፣ ባንዱ ይጫወታል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ እሱ ግን ያየው ሌላ ነገር ነበር ምክንያቱም በዛው ሰዓት አውስትራሊያ ቬትናም ውስጥ እየተዋጋች ነው፣ የ20 ዓመት ወጣቶች የልደት ቀናቸው በዕጣ እየወጣ ለውትድርና ይወሰዱ ነበር፣ ጦርነቱ እስኪያልቅ ወደ 60,000 አውስትራሊያውያን ሄደው ከ500 በላይ ሞተዋል። አንድ ትውልድ ሽማግሌ ሆኖ ይሰለፋል፣ አዲሱ ትውልድ ደግሞ ለሰልፉ እየተዘጋጀ ነው ማለት ነው።

ቬትናም ብሎ በቀጥታ ቢጽፍ ኖሮ ግማሹ ሀገር ጆሮውን ይደፍን ነበር። ስለዚህ ጋሊፖሊን መረጠ። ጋሊፖሊ ለአውስትራሊያ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ካልገባን የዘፈኑ ድፍረት አይገባንም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1915፣ እንግሊዞች ባወጡት እቅድ መሠረት የአንዛክ ወታደሮች ቱርክ ውስጥ ገደላማ የባሕር ዳርቻ ላይ እንዲወርዱ ተደረገ፣ ሐሳቡ ዳርዳኔልስ የሚባለውን የባሕር መተላለፊያ ከፍቶ ኢስታንቡል መድረስ ነበር። አልሆነም። ስምንት ወር ገደማ ገደል ላይ ተጣብቀው ከርመው ለቀው ወጡ። ከ8,000 በላይ አውስትራሊያውያን ሞቱ፣ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከዛ የበለጠ ሰው አጡ፣ ቱርኮች ደግሞ ከ80,000 በላይ። ሀገራቸውን ሲከላከሉ የሞቱት የነሱ ቁጥር ከሁሉም እጅግ ይበልጣል፣ ይሄ ሁሌም መነገር አለበት። እንግዲህ በወታደራዊ ሚዛን ሽንፈት ነው፣ አውስትራሊያ ግን ሀገር ሆኜ የተወለድኩት እዛ ነው ብላ ያዘችው፣ ያኔ ሕዝቧ 5 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ 60,000 ልጆቿን ቀብራለች፣ ሐውልት የሌለው የገጠር ከተማ የለም ማለት ይቻላል።

ቦግል ይሄን እንደ ታቦት የሚታይ ታሪክ ወሰደና ከሄዱት መሀል አንዱን እንዲያወራ አደረገው። ሰውየው ወጣት ሆኖ ጥቅልሉን አንግቶ ሀገር ለሀገር የሚዞር ነበር፣ «ዎልትሲንግ ማቲልዳ» ማለትም እሱ ነው፣ ጓዝን ጠቅልሎ በእግር መንከራተት፣ ባንጆ ፓተርሰን በ1895 የጻፈው የሀገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን። በ1915 ግን ጠብመንጃ ሰጡት። መርከቡ ሲነሳ ባንዱ ያንኑ ዜማ ይጫወታል፣ ሰው ባንዲራ ያውለበልባል። ከዛ ባሕሩ ዳርቻ፣ ደሙ፣ መድፉ፣ ሆስፒታል ነቅቶ ወደ ታች ሲያይ ሁለት እግሩ የለም። ሲመለሱ ሲድኒ ወደብ ላይ ባንዱ አሁንም ይጫወታል፣ የሚያጨበጭብ ግን የለም፣ ሰው አየና ፊቱን አዞረ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ሆኖ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የየዓመቱን ሰልፍ ያያል፣ ወጣቶቹ ለምንድነው የሚሰለፉት ብለው ይጠይቃሉ፣ እሱም ራሱን የሚጠይቀው ያንኑ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የባንዱ ነገር ነው። አንድ ዜማ ነው፣ ሲሄዱ፣ ሲቀብሩ፣ ሲመለሱ፣ ሲሰለፉ፣ አይቀየርም፣ የሚቀየረው የሚሰማው ሰው አካል ነው። ታሪክ አዋቂዎች ዘፈኑ ላይ ስህተት ያወጣሉ፣ ልክ ናቸውም፣ በ1915 የአውስትራሊያ ወታደር የብረት ሄልሜት ገና አልነበረውም፣ ሱቭላ የተባለው ቦታም በዋናነት እንግሊዞች የወረዱበት ነው፣ አንዛኮቹ የወረዱት ከሱ ደቡብ ነው። ለኔ ግን ይሄ ዘፈኑን አያፈርሰውም፣ የቬትናምን ጥያቄ የጋሊፖሊ ልብስ አልብሶ ነው የመጣው፣ ልብሱ ትንሽ ቢሰፋ ውስጡ ያለው ሰው እውነት ነው።

በ1974 ብሪዝበን ላይ ብሔራዊ የፎክ ፌስቲቫል ነበር፣ የዘፈን ድርሰት ውድድርም ነበረው፣ ለአንደኛ የሚሰጠው ኦቬሽን ጊታር ነበር። ቦግል ሁለት ዘፈን አቀረበ። የመጀመሪያውን ሲዘፍን ሰው በጨዋነት አጨበጨበ፣ ማቲልዳን ሲጨርስ ግን ቤቱ ጸጥ አለ፣ ራሱ ሲያወራው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር ይላል፣ ከዛ ጭብጨባው እንደ ናዳ ወረደ። ዳኞቹ ሦስተኛ ሰጡት። ሰዉ ተቆጣ፣ ጫጫታው ራሱ ለዘፈኑ ማስታወቂያ ሆነለት። እዛ የሰማችው አንዲት ዘፋኝ እንግሊዝ ወስዳ ዘፈነችው፣ ከሷ እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ጁን ታቦር ሰምታ በ1976 አልበሟ ላይ አወጣችው፣ ኢንተርኔት የለም፣ ምንም የለም፣ ከአፍ ወደ አፍ ነው የሄደው። ቦግል በዚያው ዓመት ስኮትላንድ ለጉብኝት ሲመለስ ከሱ ቀድሞ ዘፈኑ ደርሶ ጠበቀው። በኋላ ደብሊነርስ ዘፈኑት፣ ሊያም ክላንሲ ዘፈነው፣ ፖግስ በ1985 ያንን የሰከረ የሚመስል አሳዛኝ ቅጂያቸውን አወጡ፣ ጆን ባዬዝ ዘፈነችው። ቬትናም ላይ የእግሩን ግማሽ ያጣው አሜሪካዊው ቦብ ኬሪ በ1988 ሴናተር ሆኖ ሲመረጥ ደጋፊዎቹ ፊት የዘፈነው ይሄንኑ ነው። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም «የጦርነት ተቃውሞ ዘፈን ወታደርን ይሰድባል» የሚል ሰው ሁሌ አለ፣ እግሩን ያጣው ሰው ግን የራሱ አድርጎ ዘፈነው።

ሁለተኛው ዘፈን የመጣው ከመቃብር ቦታ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቦግል ከባለቤቱ ጋር ሰሜን ፈረንሳይና ቤልጅየም በኩል ያለው ፍላንደርስ ውስጥ ያሉትን የወታደር መቃብሮች ጎበኘ። እነዚህን ቦታዎች በፎቶ ያየ ሰው ያውቃል፣ ነጭ ድንጋይ በነጭ ድንጋይ ላይ፣ ሣሩ የተከረከመ፣ ወፍ የሚጮህበት፣ ቆንጆ ቦታ፣ ቁንጅናው ራሱ የሚረብሽ። ሰሜን ፈረንሳይ ሶም በሚባለው የጦር ሜዳ ላይ ጁላይ 1 ቀን 1916 በአንድ ቀን ብቻ 19,240 የብሪታንያ ወታደር ሞቷል። ቁጥሩን ሰው ልብ ውስጥ ማስገባት አይቻልም፣ ስለዚህ ቦግል አንድ መቃብር አጠገብ ቁጭ አለ፣ ዊሊ ማክብራይድ፣ 19 ዓመት፣ 1916። እና እንደ ጎረቤት ያወራዋል፣ እንዴት ነህ፣ ትንሽ አጠገብህ ልቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉ ስሄድ ዋልኩ ደክሞኛል፣ ሚስት ነበረችህ ወይ፣ ፍቅረኛስ፣ ወይስ ፎቶህ የሆነ አሮጌ ፍሬም ውስጥ ስም እንኳ የሌለው ሆኖ ቀርቷል። ይሄ ነው «ኖ ማንስ ላንድ»፣ ማንም ያልያዘው መሬት ማለት ነው።

ስሙን አይሪሽ፣ ማለት የአየርላንድ ሰው ስም፣ ያደረገው ሆን ብሎ ነው። ያኔ ሰሜን አየርላንድን ከብሪታንያ ለማላቀቅ የሚዋጋው የአይአርኤ ታጣቂ ቡድን ቦምብ እንግሊዝ ውስጥ ይፈነዳ ነበር፣ በ1974 በርሚንግሃም መጠጥ ቤቶች ላይ 21 ሰው ሞቷል፣ ከዛ በኋላ እንግሊዝ ሀገር አይሪሽ ዘዬ ያለው ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ቦግል ለእንግሊዝ አድማጭ አይሪሾችም ለናንተ ንጉሥ ሞተዋል እኮ ብሎ ለማስታወስ ነው ማክብራይድ ያለው። አየርላንድ ራሷ ደግሞ ነፃ ከወጣች በኋላ የእንግሊዝን ዩኒፎርም ለብሰው የሞቱትን ልጆቿን ለአሥርተ ዓመታት ማንሳት አትፈልግም ነበር፣ አያቴ እዛ ነበር ማለት የሚያሳፍርበት ቤት ብዙ ነው። እና ፉሬዎቹ የሚባሉት የአየርላንድ ዘፋኞች «ዘ ግሪን ፊልድስ ኦፍ ፍራንስ» ብለው ሲዘፍኑት ሀገሩን ሞላው፣ ለወራት ቻርት ላይ ቆየ፣ በዝምታ የተቀበረ ሰው መጠጥ ቤት ውስጥ በስሙ ተጠራ። እስከዛሬ የዊሊን እውነተኛ መቃብር የሚፈልጉ አሉ፣ በሟቾች መዝገብ ላይ ዊሊያም ማክብራይድ የሚባል ከአንድ በላይ ነው።

የዘፈኑ አዝማች ቀብሩን ነው የሚጠይቀው፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ተመታልህ ወይ፣ ባግፓይፑ «ፍላወርስ ኦፍ ዘ ፎረስት»ን ተጫወተልህ ወይ። ይቺ ሙሾ ስኮትላንዶች በ1513 ፍሎደን ላይ ከእንግሊዝ ጋር ተዋግተው ንጉሣቸውን ጨምሮ ብዙ ሺህ ሰው ያጡበትን የሚያለቅሱባት ዜማ ናት፣ ብዙ ባግፓይፕ ነፊ ከቀብርና ከመታሰቢያ ውጪ አደባባይ ላይ አይጫወታትም። የባግፓይፕ ነፊ ልጅ ይሄን ስም ዝም ብሎ ለቤት መምቻ አላስገባውም፣ በአንድ ስም 400 ዓመት ሐዘን ነው የጨመረው። ከዛ የመጨረሻው አንጓ ይመጣል፣ እዚህ ላይ ድምፁ ይቀየራል፣ ዊሊ፣ ጥሪው ሲመጣ በእውነት አምነህ ነበር ወይ፣ ይሄ ጦርነት ጦርነትን ሁሉ ያስቀራል ሲሉህ አምነሃቸው ነበር ወይ፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ደግሞ ሆነ፣ ደግሞም፣ ደግሞም፣ ደግሞም።

እንግዲህ ዘፈኑ ላይ የደረሰውን ተመልከቱ። ቦግል መድረክ ላይ ያወራው ታሪክ አለ፣ ቶኒ ብሌር ጠቅላይ ሚኒስትር እያለ ግጥሙን በፍሬም አድርጎ ለአንዲት ልጅ ሰጠ፣ በጣም የምወደው የፀረ ጦርነት ግጥም ነው ብሎ፣ ስሙም ተጽፎበታል፣ ኤሪክ ቦግል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞተ ይላል። ሰውየው አዴሌድ አካባቢ በሕይወቱ አለ። ስህተት ነው፣ ይፈጠራል፣ ግን የምን ዓይነት ስህተት እንደሆነ አስቡት፣ ለመንግሥት ሰው የጦርነት ተቃዋሚ ባለቅኔ ከሞተ ይቀላል፣ የሞተ ሰው ስለዘንድሮው ጦርነት አስተያየት አይሰጥም።

ከዛ 2014 መጣ፣ የጦርነቱ 100ኛ ዓመት። ለንደን ታወር ዙሪያ 888,246 የሸክላ ፖፒ ተተከለ፣ ለእያንዳንዱ የብሪታንያና የቅኝ ግዛቶቿ ሟች አንድ አንድ። የጦር ጉዳተኞችን የሚረዳው ሮያል ብሪቲሽ ሊጅን ለዓመታዊ ገንዘብ ማሰባሰቢያው ዘፈን ፈለገ፣ የመረጡት ኖ ማንስ ላንድን ነው፣ ጆስ ስቶን ዘፈነችው፣ ጄፍ ቤክ ጊታር ተጫወተ። ድምፁ ቆንጆ ነው፣ ዓላማውም ጥሩ ነው፣ ገንዘቡ ለተጎዱ ሰዎች ነው። ግን መጨረሻው የለም። ነጫጭ መስቀሎቹ የሰው ልጅ ለሰው ያለውን ግድየለሽነት የሚመሰክሩበት የለም፣ ዊሊ አምነህ ነበር ወይ ተብሎ የሚጠየቅበት የለም፣ ደግሞም ደግሞም የሚለው የለም። የቀረው ወጣቱ፣ አበባው፣ ከበሮው ነው። ብዙ ሰው ተቆጣ፣ የይቅርታ ጥያቄ ፊርማም ተሰበሰበ። ቦግል ራሱ አልጮኸም፣ የወታደሮቹን ጀግንነት እያከበረ የጦርነትን ከንቱ ብክነት ማሳየት ነበር ሐሳቤ፣ ለዛ ሐሳብ የቀረበ ቢሆን እመርጥ ነበር የሚል ዓይነት መልስ ነው የሰጠው።

እኔ ከሱ ትንሽ የበለጠ እቆጣለሁ። ምክንያቱም የተቆረጠው ትርፍ ክፍል አይደለም፣ የቀረው ሁሉ የተጻፈው እዛ ለመድረስ ነው። ማክብራይድን በስሙ የጠራነው፣ ስለሚስቱ የጠየቅነው፣ ስላለቀስን ብቻ እንድንሄድ አይደለም፣ አልቅሰን ስንጨርስ ማን ላከው ብለን እንድንጠይቅ ነው። ጥያቄው ሲወጣ ልቅሶው ብቻ ይቀራል፣ ልቅሶ ብቻውን ደግሞ ለማንም ያገለግላል፣ ለሚቀጥለው ዘመቻ ቅስቀሳም ጭምር።

ማቲልዳ ላይ አንድ ትንቢት አለ፣ ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ እየሳሱ ነው፣ አንድ ቀን የሚሰለፍ ሰው ጭራሽ አይኖርም ይላል። በ1971 ሁሉም እንደዛ ነበር የሚያስበው። የመጨረሻው የጋሊፖሊ ወታደር የታዝማንያው አሌክ ካምቤል በ2002 በ103 ዓመቱ ሞተ፣ በ16 ዓመቱ ነበር የተመዘገበው፣ ኋላ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ሆነ፣ ጋሊፖሊን አታሞጋግሱት ይል እንደነበርም ይነገራል። ሰልፉ ግን አልሞተም፣ ባሰበት። አሁን የሚሰለፉት የልጅ ልጆች ናቸው፣ ጎህ ሲቀድ የሚመጣው ሕዝብ ከ70ዎቹ ጋር አይወዳደርም፣ መንግሥት ካንቤራ ያለውን የጦር መታሰቢያ ለማስፋፋት በ2018 ወደ 500 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መደበ፣ መታሰቢያው ከጦር መሣሪያ አምራቾች እርዳታ መቀበሉም ያልበረደ ክርክር ነው። የሞቱትን ማስታወሻ ቤት ላይ ጥይት ሸጩ ገንዘብ ሲያዋጣ ማየት የሚያም ነገር ነው። በ2025 ደግሞ ሜልቦርን ላይ በጎህ ሥነ ሥርዓቱ የአቦርጂናል ሽማግሌ እንኳን ወደ ምድራችን መጣችሁ የሚለውን ንግግር ሲያደርግ ኒዮናዚዎች ያሉበት ቡድን ጮኸበት። ናዚን ለመዋጋት ለሞቱትም መታሰቢያ በሆነው ቀን።

እዚህ ላይ የቦግል ስደተኛነት ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። እዛው ያደገ ሰው ጋሊፖሊን ከሕፃንነቱ ስለሚሰማው ጥያቄው አይመጣለትም፣ ቢመጣለትም ይፈራል። አዲስ የመጣ ሰው ዳር ቆሞ ያያል። ደግሞ ጠይቆ አልሄደም፣ እዛው ኖረ፣ በ1987 የአውስትራሊያን የክብር ሜዳሊያ ተሸለመ፣ ከሱ በፊት ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የሰላም ሜዳሊያ አግኝቷል፣ በ2001 ማቲልዳ ከምንጊዜም 30 ምርጥ የአውስትራሊያ ዘፈኖች ውስጥ ገባ። «ሼልተር» በሚለው ዘፈኑ ለአዲሱ ሀገሩ የሚመኝለት ቤት ላጣና ለተራበ ሰው በሩ እንዳይዘጋ ነው። «ሲንጊንግ ዘ ስፒሪት ሆም» ደግሞ በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ወደ መስቀያው የሚወሰድ ጥቁር እስረኛን ሌሎቹ እስረኞች በዘፈን ሲሸኙት ነው፣ ይሄን ያልሰማችሁ ፈልጉት። ስለሞተች ድመት የሚያስቅ ዘፈንም አለው፣ መድረክ ላይ ከማልቀስ ወደ ሳቅ በሁለት ደቂቃ ያሻግራል። ከግላስጎው ከመጣው ጓደኛው ጆን ሙንሮ ጋር ለአሥርተ ዓመታት አብረው ዞሩ፣ በ2009 ወደ አውሮፓ የመጨረሻ ጉዟቸውን አደረጉ፣ ሙንሮ በ2018 አረፈ።

ኖ ማንስ ላንድ ሙሉው አራት አንጓ ነው። የሆነ ቦታ ስትሰሙት ቁጠሩ፣ ከሁለተኛው በኋላ ከበሮው ከፍ ብሎ የሚዘጋ ከሆነ ሌላ ቅጂ ፈልጉ፣ ጊታር ብቻ ይዞ ሰውየው ራሱ የሚዘፍነውን፣ ዊሊ እስኪጠየቅ ድረስ ጠብቁ። ልጆቻችሁም የወረቀት ፖፒያቸውን ይዘው ሲመጡ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አብራችሁ ስሙት።